ድስቱን ለእሱ፣ ኮምፕሬሰሩን ለእኔ

አውቶቡሶች ከሚያድሩበት ግቢ ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ የጎማ ጥገና ሱቅ ነበራቸው። ሴቲቱን ሰው ሁሉ ጎሚስታዋ ይላታል። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ሾፌር የለም፤ ጎማው በተነፈሰ ቁጥር ግን «ጎሚስታዋ አለች?» ብሎ ሳይጠይቅ ከመኪናው የማይወርድ ብዙ ነው። ወንዱን ደግሞ ሊቀመንበር ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የአውቶቡስ ረዳቶች ናቸው። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ይቀመጣል፤ ሲዘጋ ወንበሩን ያስገባል፤ በመሃል ያለውን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት።

ለእውነቱ ከሆነ ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበረም። ጨዋታ ይችላል። የተናደደ ሾፌር አብርዶ ወረፋ ያስጠብቃል፤ ዱቤ የጠየቀውን ሳያስቀይም ይሸኛል። እሷ ከሰው ጋር ብዙም አታወራም፤ ስትሠራ የማስቲሹን ክዳን በጥርሷ ስለምትይዝ ማውራትም አትችልም። እሱ አፏ ሆነ፣ እሷ እጁ ሆነች። ሲጀምሩም እንዲሁ ተባብለው ነው የጀመሩት፤ ለብዙ ጊዜም ሄዶላቸው ነበር።

አልተጋቡም። አንጋባም ብለው አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ለሰርግ ብለው ያጠራቀሙትን ይዘው ሲመካከሩ፣ «በእጅ ፓምፕ ስነፋ ትከሻዬ ሊገነጠል ነው። ሰርጉ ይቆየን፤ ኮምፕሬሰር እንግዛ» ያለችው እሷ ናት። ተገዛ። ቀይ፣ ሆዱ እንደ በርሜል የሰፋ፣ ሲነሳ ጎረቤት የሚያስደነግጥ። በሁለተኛው ዙር ጎማ ከቸርኬ የሚያላቅቀው ማሽን ተገዛ። በሦስተኛው የሊቀመንበር እናት ታመሙና ከሱቁ ጀርባ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን ይዘው ከእነሱ ጋር መኖር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ የሚባል ነገር ያነሳ የለም። ሰፈሩ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ለመደ፤ እነሱም ለመዱት።

የንግድ ፈቃዱ ግን በእሱ ስም ነው፤ የሱቁ ኪራይ ውልም እንዲሁ። «ሁለታችንም ከተሰለፍን ሱቁን ማን ይከፍታል?» ሲላት፣ እሷ የጭነት መኪና ጎማ ላይ እንደተጎነበሰች «እሺ፣ አንተው ጨርሰው» አለችው። ያቺ «እሺ» ናት በኋላ ያስከፈለቻት።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሊቀመንበር ታላቅ እህት መጣች። ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይፈራታል። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ወንድሟን ከወንበሩ አስነስታ ተቀመጠችበት። ጎሚስታዋ በውሃ ገንዳው ውስጥ አንድ ካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ነክራ አየር የሚያፈተልክበትን ቀዳዳ እየፈለገች ነበር።

«ስሚኝ እህቴ» አለች ታላቅ እህቱ። «ነገር አላበዛም። ወንድሜ አርባ ሊሞላው ነው። ወግ ማዕረግ ማየት አለበት። ቤተሰቡ ተመካክሮ ልጅ አይቶለታል።»

ጎሚስታዋ አልገባትም። «የማንን ልጅ?»

«የሚያገባትን ነዋ!»

ካላማዳሪው ከእጇ አምልጦ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ሊቀመንበርን ቀና ብላ አየችው። እሱ ጫማውን ያያል።

«እውነት ነው?»

«ነገሩ እንኳ… እነሱ ናቸው… እማማም አርጅታለች…»

«እውነት ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ» አለ ለጫማው።

እህቱ ቀጠለች። «ባዶ እጅሽን አንሰድሽም። እኛም እግዜርን እንፈራለን። የቤቱን ዕቃ ውሰጂ፤ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ድስት ሳህኑ፣ ማቀዝቀዣው ሳይቀር ያንቺ ነው። ሴት ልጅ ዕቃ ከያዘች ጎጆ አያቅታትም። ሱቁ ግን የወንድሜ ነው፤ ወረቀቱ በስሙ ነው።»

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ በሁለት አፍ ቃል ሲያልቅ የሚያለቅስ አለ፤ የሚራገምም አለ። ጎሚስታዋ እጇን በቱታዋ ላይ ግራ ቀኝ ጠረገች። ከዚያ ተናገረች።

«እትዬ፣ ድስቱን ለእሱ ይስጡት። ለሙሽራይቱ ይሆናታል። እኔ የምፈልገው ኮምፕሬሰሩን ነው።»

«ኮም… ምኑን?»

«ያንን ቀዩን። ሰርጌ እኮ ነው እሱ! እኔ ቬሎ ሳልለብስ ቀርቼ ነው የተገዛው። ማግባቱን ያግባ፤ አልከለክለውም፤ ሚዜ ከጎደለውም ይጥራኝ። የሠራሁትን ግን ጥዬ አልሄድም።»

ታላቅ እህቱ ሳቀች። «ማን ሚስት አለሽ? ወረቀት አለሽ? ሠራተኛ ሆነሽ ገባሽ፣ ሠራተኛ ሆነሽ ትወጫለሽ።»

ጎሚስታዋ የዚያን ቀን ልብሷን ሰብስባ ወንድሟ ቤት ገባች። አንጀቷን ያሳረረው የሙሽራዋ ነገር አልነበረም፤ «ሠራተኛ» የምትለው ቃል ናት። ያቺን ስትሰማ ሊቀመንበር ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሱቁ ስትመጣ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ታጥፋ የምትመለስ መስሏቸው ከሆነ አያውቋትም። ከወንድሟ ቤት ያመጣችውን ባዶ ሳጥን ገልብጣ፣ የተዘጋው በር ፊት ለፊት እግረኛው መንገድ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ አሮጌ የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት የጎማ መንቀያ ብረት፣ የውሃ ባልዲና ማስቲሽ ይዛ መጣች። ሾፌሮች መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ወዲያው ግን ወሬው ተዳረሰና ሆነ ብለው እዚያ መቆም ጀመሩ። ምንም ያልተነፈሰ ጎማ ይዘው «እስኪ እይልኝ» የሚሏትም ነበሩ። ሊቀመንበር ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ያያታል። አንድ ቀን ቀረብ ብሎ፣

«ኧረ ተይ፤ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አላት።

«እኔ ሥራዬን ነው የምሠራው። አንተ ከፈለግህ ወንበር አምጥተህ ተቀመጥ» ብላ ፓምፑን ገፋች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰፈሩ ፍርድ ቤት ሄዳ ክስ አስጻፈች። ጸሐፊው ነገሩን ሰምቶ አስረዳት፤ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ፣ ባይጋቡም። «ግን እሱ ሠራተኛዬ ናት ካለ፣ አለመሆንሽን በምስክር ታስረጂያለሽ። ምስክር አለሽ?»

«ሰፈር ሙሉ» አለች።

ሰፈሩ ግን እንዳሰበችው አልሆነም። ግድግዳ የምትጋራት ልብስ ሰፊ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስኳርና ሐሜት የተበዳደረቻት፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሳታቆም «እኔ እኮ ከሁለታችሁም ጋር ነው የምኖረው። በሰው ትዳር መሃል አልገባም» አለቻት።

«ትዳር አልሽው አይደል? በቃ፣ እሱን ብቻ ፍርድ ቤት ንገሪልኝ!»

«ኧረ አፌ ነው ያመለጠኝ» አለችና ፔዳሉን አፈጠነችው።

ወንድሟም ባሰ። ግንበኛ ነው፤ ዝምተኛና ኩሩ። «አባታችን በሕይወት ሳለ ‹ተጋቡ› ብሎ ለምኖሽ እምቢ አልሽ። አሁን እኔ ዳኛ ፊት ቆሜ ‹እህቴ ያለ ጋብቻ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ኖራለች› ብዬ ልመስክር? አልጋ ስጠኝ ካልሽ ይኸው አልጋ፤ ልብላ ካልሽ እንብላ። ይህንን ግን አልችልም» አላት። አልተቀየመችውም። ያ ቀን ግን ከሁሉ ቀን ከበዳት። ጓዳ ገብታ እጇን ስትታጠብ፣ ሳሙናው የማያስለቅቀውን በጥፍሮቿ ሥር ያለ ጥቁር አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ መጣ። ለሊቀመንበር አልነበረም የምታለቅሰው። ይህን ሁሉ ዓመት ያየኝ ሰው የለም እንዴ፣ የሚል እልህ ነበር።

ታጥባ ስትጨርስ ያያት ሰው ትዝ አላት።

ከአደባባዩ ማዶ «የጎማ ዶክተር» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሌላ ጎሚስታ አለ። ስልሳ ዓመት የደፈነ፣ ጢሙ እንደ ብሩሽ የቆመ፣ ለዘጠኝ ዓመት ደመኛዋ። እሷ «መንገድ ላይ ምስማር የሚበትነው እሱ ነው» ትላለች፤ እሱ ደግሞ «ምስማሩን የምትበትነውስ ራሷ ናት» ይላል። ሰላምታ የላቸውም። በማግስቱ አደባባዩን አቋርጣ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

«እንዴት ዋሉ?» አለችው።

ዶክተሩ መዶሻውን አስቀመጠ። «ዛሬ ‹አንቱ› ሆንኩ? ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም። ፍርድ ቤት መጥተው እንዲመሰክሩልኝ ነው።»

«ለአንቺ? እኔ?» ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ!»

«ይውደዱኝ አላልኩም። የሚያውቁትን ይናገሩ ነው ያልኩት። ወዳጆቼ በሙሉ ምንም አላየንም አሉ። እርስዎ ግን በዚያች መስኮት ዘጠኝ ዓመት ሲያዩኝ ነው የኖሩት። ስንት ሰዓት እንደምከፍት፣ ስንት መኪና እንደሚቆምልኝ ቆጥረው ያውቃሉ።»

ዶክተሩ ሳቁን ተወ። ጢሙን አሻሸ። «እሱስ ልክ ነሽ» አለ። «ወዳጁን ማን ያስተውላል? ሰው በዓይኑ የሚከተለው ጠላቱን ነው።» ከዚያም፣ «ስትረቺ ከዚያ ጥግ ትነሻለሽ?»

«የሱቁ ውል የእሱ ነው። እነሳለሁ።»

«እንግዲያው ቀኑን ንገሪኝ» አለና መዶሻውን አነሳ።

ችሎቱ የዋለበት ክፍል ጠባብ ነበር፤ መዝገቦች እስከ ጣራው ተደርድረዋል፤ የጣራው ማራገቢያ ሲዞር ይንቋቋል። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ሊቀመንበር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከሳሽ ሠራተኛው እንደነበረች፣ በደግነት ማደሪያ እንደሰጣት ተናገረ። ሲናገር አንድም ጊዜ ወደ እሷ አላየም። እህቱም መሰከረች፤ ውሸቱን ማጣፈጥ አላቃታትም። ቀጥለው እናትየው ተጠሩ።

አሮጊቷ በምርኩዝ ገቡ። ጎሚስታዋ ሳታስበው ልትደግፋቸው ብድግ አለችና ጸሐፊው በእጁ ምልክት ሲሰጣት ተመልሳ ተቀመጠች። የእኚህን ሴት እግር ስድስት ዓመት አጥባለች። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየሰጠች፣ ሲያማቸው በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ቤት አድርሳለች።

«እናቴ» አሉ ዳኛዋ፣ «ይቺ ሴት ለልጅዎ ምኑ ነበረች? ሚስቱ ወይስ ሠራተኛው?»

አሮጊቷ መጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ሴት ልጃቸውን አዩ። ሴት ልጃቸው ዓይኗን አፈጠጠች። «እኔ… ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ጥሩ ልጅ ናት። ሠራተኛ… አዎ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች።»

ጎሚስታዋ ጥርሷን ነከሰች። ሽንፈት እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። ያም ሆኖ አንገቷን አልደፋችም፤ አሮጊቷን ቀጥ ብላ እያየች ቆየች፣ እሳቸው ናቸው ቀድመው ዓይናቸውን የሰበሩት።

«የከሳሽ ምስክር ይግባ።»

ዶክተሩ ጢሙን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። ሊቀመንበር ሲያየው አፉን ከፈተ።

«ከሳሽን በምን ያውቋታል?» አሉ ዳኛዋ።

«በጠላትነት።»

ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ሆነ። ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ያስረዱ።»

«ዘጠኝ ዓመት ደንበኞቼን ስትወስድብኝ ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ ታማ ብትውል ብዬ ያልጸለይኩበት ሳምንት የለም።»

«የተከሳሽ ባለቤት ነበረች ወይ? እሱን ነው የምንጠይቅዎ።»

«የእሱ ባለቤት ትሁን አትሁን መኝታ ቤታቸው ገብቼ አላየሁም፣ ክብርት ዳኛ። የሱቁ ባለቤት ግን እሷ ናት።»

«በምን አወቁ?»

«ልወስዳት ሞክሬ። በአራተኛው ዓመት ‹እዚያ ከሚከፈልሽ እጥፍ እከፍልሻለሁ፣ እኔ ጋ ነይ› ብዬ ሰው ላክሁባት። ምን ብላ መለሰች? ‹ሰው የራሱን ቤት ትቶ የት ይቀጠራል?› እንዲህ የሚል ደመወዝተኛ አይቼ አላውቅም፤ ደግሞ ደመወዝተኛ በእጄ ብዙ አልፏል። ዝናብ ሲመጣ ደመወዝተኛ የሚያስጠልለው ራሱን ነው። ያ ትልቁ ጎርፍ የመጣ ቀን ጎማዎቹ በመንገዱ ቁልቁል ሲጠራረጉ፣ ይቺ ሴት እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ አንድ በአንድ ስትይዝ በመስኮቴ ሆኜ አይቻለሁ። እውነቱን ልናገር ምያለሁና፣ ውሃው ይወስዳት እንደሆነ ብዬ ነበር የማየው። አልወሰዳትም።»

«ተከሳሽስ የዚያን ቀን የት ነበር?»

«እሱም ዝም አላለም። ወንበሩን እያተረፈ ነበር።»

ማራገቢያው ድምፁ እስኪጠፋ ተሳቀ። ታላቅ እህት ብድግ አለች። «ጠላቷ እንደሆነ እኮ በአፉ ተናግሯል! የጠላት ምስክርነት እንዴት ይታመናል?»

«እመቤቴ፣ ጠላት ሊጎዳት ቢመሰክር ነው የምንጠረጥረው» አሉ ዳኛዋ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበር ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሠራተኛዎ ከነበረች፣ ደመወዟ ስንት ነበር?»

ሊቀመንበር፣ ያ ሾፌር ሁሉ አፉን የሚያደንቅለት፣ ወደ እህቱ ዞረ። ሁሉንም ነገር ከእህቱ ጋር ተለማምዶ መጥቷል፤ ይቺን ግን አላሰቧትም።

«በየወሩ ነበር የሚከፍሏት ወይስ በየሳምንቱ?»

«እሷ… የፈለገችውን ከመሳቢያው ትወስድ ነበር።»

«ከመሳቢያው። ሳትጠይቅዎት?»

«ለምን ትጠይቀኛለች?» አለ ሊቀመንበር፤ ብሎም ምን እንዳለ የገባው ዳኛዋ መጻፍ ሲጀምሩ ነው።

ጎሚስታዋ ያኔ ነው ተነስታ የተናገረችው። «ክብርት ዳኛ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኔን ናቁኝ፤ አጥሩን ነቀነቁ። ምጽዋት አልጠየቅሁም። እጄ የሠራውን ነው።»

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣ። አብረው ያፈሩት የጋራቸው ነው፤ እኩል ይካፈሉ። ጸሐፊው መዝገብ ይዞ ክፍፍሉን እንዲያይ ታዘዘ።

የክፍፍሉ ቀን ሱቁ ከሁለት ወር በላይ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ተከፈተ። የጎማው ሽታ ገና በሩ ላይ ሲቀበላት ጎሚስታዋ ደረቷ ሞላ። በጀርባ ያለው መኝታ ክፍል ውስጥ እሷ ትተኛበት በነበረው በኩል አዲስ መጋረጃና አንሶላ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ተቆልሏል። ለአፍታ ቆማ አየችውና በሩን ዘግታ ወጣች።

«የምትፈልጉትን ንገሩኝ፤ ከተስማማችሁ እጽፋለሁ» አለ ጸሐፊው።

«ኮምፕሬሰሩ፣ ጎማ ማላቀቂያው ማሽን፣ የእጅ ዕቃዎቹ ለእኔ» አለች። «የሱቁ ውል፣ አዲሶቹ የሚሸጡ ጎማዎች፣ የቤቱ ዕቃ በሙሉ፣ ማንኪያ ሳይቀር፣ ለእሱ። ግምቱ እሱ ጋ ቢያመዝንም ግድ የለኝም።»

ጸሐፊው ደስ አለው፤ ቶሎ ቤቱ ሊገባ ነው። ታላቅ እህት ግን ወንድሟን ጎሸም አደረገችው። «ይህን ያህል የፈለገችው ምን ቢኖርበት ነው? አትስጣት!»

«ኮምፕሬሰሩን አልለቅም» አለ ሊቀመንበር።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«እሠራበታለሁ! ምን ይሳነኛል?»

ጎሚስታዋ እጇን አጣምራ ግድግዳውን ተደገፈች። «እንግዲያው አስነሳው። ካስነሳኸው ያንተ ይሁን። ጸሐፊም ይጻፉልኝ።»

ሊቀመንበር ኮቱን አወለቀ። ማብሪያውን ተጫነ፤ አጉረመረመና ቆመ። እንደገና ተጫነ፤ አሁንም ቆመ። ዙሪያውን ዞረው፣ ቀበቶውን ነካካ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቧንቧ አገኘ። እህቱ ዕቃው እንዳይቀየርባት አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች። በሆዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ በየጠዋቱ መፍሰስ እንዳለበት፣ መክፈቻውም ቀስ ተብሎ እንደሚዞር ዘጠኝ ዓመት ከወንበሩ ሆኖ ቢያይ ኖሮ ያውቅ ነበር። በአንዴ አዞረው። ሁለት ወር የተኛ፣ ዝገትና ዘይት የጠጣ ውሃ ውስጡ ቀርቶ በነበረው አየር እየተገፋ ፉጨት እያሰማ ወጣ፤ ወጥቶም በቀጥታ የታላቅ እህትን ነጭ ቀሚስ ከጉልበት እስከ ደረት ቀባው።

ጸሐፊው መዝገቡን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እህትየው የጮኸችውን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

«ትውሰደው!» አለ ሊቀመንበር እጁን እየጠረገ። «ቆሻሻ ብረት! ትውሰደው!»

ጎሚስታዋ ሳትቸኩል መጣች። መክፈቻውን ዘጋች፣ ቀበቶውን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰች፣ ማብሪያውን ተጫነች። ቀዩ በርሜል እንደ ዱሮው ጎረቤቱን አስደንግጦ ተነሳ። አጥፍታው «ይጻፉ» አለች።

የጭነት ጋሪው ላይ ዕቃው ሲወጣ አሮጊቷ ከጓዳ ብቅ አሉ። ጸሐፊው ዝርዝሩን ጮክ ብሎ እያነበበ ነበር። ጨርሶ ሲያበቃ፣ «እኔንስ?» አሉ። «እኔን ለማን አካፈላችሁኝ?»

እህትየው ቀሚሷን እያጠበች ነው። ሊቀመንበር እንደገና ጫማውን ያያል። ጎሚስታዋ ልቧ ተሰነጠቀ፤ ሆኖም ያቺ ችሎት ላይ የሰማቻት ቃል አሁንም እንደ ምስማር ውስጧ አለች።

«እማማ» አለች፣ «እርስዎ ራስዎ ሠራተኛ ናት አሉ። ሠራተኛ ሲሰናበት ቁልፍ አስረክቦ ነው የሚሄደው።» ከመስኮቱ ላይ የመድኃኒቱን ካርቶን አንስታ ሊቀመንበር እጅ ላይ አስቀመጠች። «ቢጫው ጠዋት ከምግብ በኋላ። ነጩ ሲተኙ፣ ግማሹ ብቻ። እግራቸው ካበጠ ጨው ትከለክላለህ። እስኪ ድገመው።»

«አውቃለሁ…»

«ድገመው ነው ያልኩህ።»

ደገመው። ተሳሳተ። እንደገና አስደገመችው፤ በሦስተኛው ልክ አለ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን ያዙ። «ፈርቼ ነው ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «እነሱ ቢጥሉኝስ ብዬ ነው።» ጎሚስታዋ እጃቸውን ለጥቂት ጊዜ ያዘችው። «አውቃለሁ» አለች። ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለችም። እጃቸውን በዝግታ ለቃ ጋሪውን ከኋላ እየገፋች ወጣች።

አዲሱን ቦታ ያገኘችው ከከተማው መውጫ፣ ከባድ መኪናዎች ለሚዛን ከሚሰለፉበት አጠገብ ነው። አንድ ግድግዳና ግማሽ ጣራ ያለው ባዶ ግቢ። ወንድሟ ሳይጠራ ሲሚንቶና አሸዋ ጭኖ መጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወለሉን አስተካከለላት፤ ሲጨርስ «ውሃ አርከፍክፊበት፤ ቶሎ እንዳይደርቅ» ብሏት ሄደ። ከእሱ አንጻር ይህ ረጅም ንግግር ነበር። የንግድ ፈቃዱን ለማውጣት ሱቁን ዘግታ ሁለት ቀን ራሷ ተሰለፈች።

የመጀመሪያው ሳምንት ዝምብ ብቻ ነበር የጎበኛት። ከባድ መኪና ነጂዎች ሴት ስላዩ ጎማቸውን አይሰጡም፤ «ሰውዬው የሉም?» እያሉ አልፈው ይሄዳሉ። አንዱ ግን ሁለት ጎማ በአንዴ ፈንድቶበት መሄጃ አጣና እያጉረመረመ ቆመ። ክሪኩን አስገብታ፣ ብሎኖቹን በእግሯ ቆማባቸው አላልታ፣ ሁለቱንም ጠግና ስትመልስለት እሱ ገና ዳቦውን በልቶ አልጨረሰም ነበር። ሾፌር አፉ ሰፊ ነው፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሚዛኑ ጋ ደረሰ። ወር ሳይሞላ ወረፋ መጣ።

ሊቀመንበር አገባ። የጥጉን ሱቅ ለስልክ መሸጫ አከራየው ይባላል፤ አሮጊቷም አሁን ሴት ልጃቸው ቤት ናቸው ይባላል። ይህን ሁሉ የነገራት ዶክተሩ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በሰው ፒክአፕ መጥቶ ወረደ፤ እጁ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዟል።

«ፍርድ ቤት ሄጄ ቃሌን ልስብ ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ከዚያ ጥግ ትነሳለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንቺ ለካ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሄደሽ ቁጭ ብለሻል! ከተማ ሳይገቡ እዚሁ ነው የምትቀበያቸው።»

«ቃልህ ማኅተም አርፎበታል» አለችው።

«ወደ ‹አንተ› ተመለስኩ?»

«ጉዳዬ አለቀ እኮ!»

ሳቀ፤ ሳጥን ስቦ ተቀመጠ፤ የምትሠራውን ጎማ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ እኔ እያረጀሁ ነው። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። የእኔ ቦታና ያንቺ እጅ ቢገናኝ… ሽርክና ማለቴ ነው። በወረቀት፣ ሁለታችንም ፈርመን።»

ጎሚስታዋ የማስቲሹን ክዳን ከጥርሷ አወጣች። ስድብ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ከዚህ ሰው አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና እንደማይወጣም ታውቃለች።

«አይሆንም» አለችው። «ክፉ ሰው ስለሆንህ አይደለም። ከእንግዲህ ጠዋት የማነሳው ቁልፍ በሁለት ኪስ አይገባም።»

«አስቢበት።»

«አስቤበት ነው ያልኩህ። ጨርቁ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ዶክተሩ ጢሙን አሻሸ፤ ለመናገር አፈረ። ጨርቁን ሲፈታው የእሱ ኮምፕሬሰር ራስ ነው፤ ተሰንጥቋል። «ከተማው ውስጥ የሚያውቅበት አጣሁ» አለ። «አንቺ ታውቂያለሽ ሲሉኝ…»

አገላብጣ አየችው፣ በጥፍሯ ስንጥቁን ተከተለች፣ ዋጋውን ነገረችው።

«ይህን ያህል? ለእኔ?» ብሎ ጮኸ። «የመሰከርኩልሽ ሰው!»

«እውነት ነው የመሰከርከው፤ ለእውነት አይከፈልም። ይሄ ሥራ ነው» አለችና የኮምፕሬሰሩን ራስ ከእጁ ተቀብላ፣ ከፊቱ ሦስት ከባድ መኪና ስላለ ተራውን እንዲጠብቅ ወደ ሳጥኑ አመለከተችው።